ለአባባ፣ በትልልቅ ፊደል

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ጉልበትዎን ስመዋል። ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰ» ማለት አቅቷት ቤቱን ስታስቅ ትውላለች።

ፊደሉን ያገዘፍኩት በአጉሊ መነጽሩ ራስዎ እንዲያነቡት ነው። አደራ፣ ማሙሽን «ና አንብብልኝ» እንዳይሉት። ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁትም ወሬ በዝቶብኝ ሳይሆን አንዱ ገጽ ከዐሥር መስመር በላይ ስለማይዝ ነው።

ሐኪሙ ያለውን እማዬ ነግራኛለች። የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና ይነሣል፤ በምትኩ ሌንስ ይገባል፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይመለሳል። እርስዎ ግን «እስከ ዛሬ ያነበብኩት ይበቃኛል» አሉ አሉ። ይህ የእርስዎ አፍ አይደለም አባባ። እመለስበታለሁ።

ዘንድሮ ክፍሌ ምን እንደሚመስል ጠይቀውኝ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሃምሳ ስምንት ልጆች። መስከረም ላይ እንደ ወትሮው ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ተከተሉኝ» ስል በአንድ ድምፅ ሲቀበሉኝ ጣሪያው ይነቃነቅ ነበር። ዜማው ሲያምር ሁሉም የሚያነብ ይመስላል። በኋላ በእረፍት ሰዓት አንድ በአንድ እየጠራሁ አጭር ምንባብ ሰጠኋቸው። ዐሥራ አንዱ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። በ2002 ዓ.ም. በክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል ከምንባቡ አንድም ቃል አላነበበም ሲባል፣ እርስዎ «የሰነፍ አስተማሪ ወሬ» ብለው ሬዲዮውን ዘግተውት ነበር። እኔም ያኔ ሳልስማማ አልቀረሁም።

ስለዚህ በቡድን ከፋፈልኳቸው። ጥግ ላይ ሰሌን አነጠፍኩ። አምስት ስድስት ሆነው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ እያንዳንዱ ለራሱ ሲያነብ እሰማዋለሁ። የቀሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ያነባሉ፣ ቃል ይገለብጣሉ፣ ካርድ ያዛምዳሉ። በአንድ ቀን ሁሉንም አላዳርስም፤ ያልቻሉት ግን በየቀኑ ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ንባብ የሚባል አላስተማርኩም። ያስተማርኩት ሰሌኑ ላይ ሳለሁ እርሳስ ቢሰበር ምን እንደሚደረግ ነው። ይህን ችላ ያልኩበት አንድ ቀን ሁለት ልጆች በላጲስ ተደባድበው ሳገላግል ዋልኩ። ርእሰ መምህሩ ጫጫታውን ሰምተው ገቡና «አንድ ለአምስት ነው?» አሉኝ። አይደለም፤ በአንድ ለአምስት ጎበዙ ልጅ ሌሎቹን ይመራል፣ እዚህ የምቀመጠው እኔ ነኝ አልኳቸው። ቡድኖቹን ጎበዝና ደካማ እንዳልል በፍራፍሬ ስም ጠራኋቸው። በሳምንቱ አንዷ «ቲቸር፣ እኔ ከሙዝ ወደ ማንጎ መቼ ነው የማልፈው?» አለችኝ። ልጅ አይታለልም። አሁን በየወሩ እንደ ንባባቸው እያየሁ አቀያይራቸዋለሁ።

እርስዎ ጨዋታ ይሉታል፤ አውቃለሁ። ግን በኅብረት ዜማ ውስጥ የማይሰማ ነገር አለ። አንዷ ልጅ «እሱ ገና ልጅ ነው» የሚለውን «ገና»ን አጥብቃ የልደት በዓል አድርጋ አነበበችውና ልጁን ታኅሣሥ ላይ ወለደችው። ቀና ብላ ስታየኝ ስህተቷን ራሷ አወቀችው።

ደግሞ አንድ ልጅ አለ። ፊደል ከሀ እስከ ፐ እንደ መዝሙር ያወርደዋል። «ቦ» የሚለውን ካርድ ብቻውን ሳሳየው ዝም አለ። ከጀርባው ግን አውራ ጣቱ ሌሎቹን ጣቶች እየነካ ያልፋል። ከንፈሩን አየሁት፤ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ... «ቦ!» አለ። ልክ ነው። «ሎሚ»ን ለማንበብ ለ ላይ ሰባት፣ መ ላይ ሦስት ደረጃ መውጣት አለበት። «ሚ» ላይ ሲደርስ «ሎ» ጠፍታለች።

ማን ትዝ እንዳለኝ ያውቃሉ።

ሦስተኛ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ። እኔና ወንድሜ አንድ ዓመት ብቻ ስለምንበላለጥ አብረን ነበር ያስገቡን፤ ክፍል ውስጥ አባባ ማለትም ክልክል ነበር። እሱ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ አዩትና «እጅህን አምጣ» አሉት። ማስመሪያው በጠባቡ ጎኑ ነበር። «የአስተማሪ ልጅ ሆነህ!» ያሉት ግን ከማስመሪያው የባሰ ነበር። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እጄንም አውጥቼ ነበር። «ጎበዝ» ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ይቆጥር ነበር፣ አባባ። ሰነፍ አልነበረም፤ ይቆጥር ነበር።

ባለፈው በስልክ «ጂዳ ሄዶ ሁለት መስመር መጻፍ ከበደው፣ ድምፁን ብቻ ይልካል» አሉኝ። እውነት ነው፤ ከብዶት ነው።

ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም ልል ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። ለመሠረተ ትምህርት የዘመቱ ጊዜ፣ በ1972፣ ዋርካ ሥር ያስተማሯቸውን ሽማግሌ ስንት ጊዜ አጫውተውናል። ስማቸውን ለመጻፍ ወር ሙሉ ፈጀባቸው፤ እርስዎ እጃቸውን ይዘው ያስጽፏቸው ነበር፤ የቻሉት ዕለት እንቁላል አመጡልዎ። ያ ትዕግሥት እኛ ዘንድ ሲደርስ የት እንደገባ አላውቅም። እኔን መምህር ያደረጉኝም እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም አልረሳሁም።

እማዬ ማሙሽን ማታ ማታ እንደሚያስጠኑት ነግራኛለች። አንድ ቀን እያለቀሰ እንደተኛም አመለጣት። እሷን አይቆጡብኝ። ከብስኩት ካርቶን የቆረጥኳቸውን ካርዶች አብሬ ልኬያለሁ፤ እርስዎም እንዲታይዎት በወፍራም ብዕር ነው የጻፍኳቸው። ተራውን ሳይጠብቁ በውዘው ይጠይቁት። ሲያቆም ቶሎ አይንገሩት፤ ትንሽ ይጠብቁት። በጣቱ ቢቆጥር ይተዉት። የእኔው ተማሪ ከሁለት ወር በኋላ ትናንት «ሎሚ»ን እጁን ኪሱ ከትቶ አነበበ። «ሎሚዎች» ላይ ግን እጁ ተመልሶ ወጣ።

የአባቱን ልጅ እንደ አባቱ አያድርጉብኝ።

ለቀዶ ጥገናው ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ኅዳር መጨረሻ መጥቼ እኔው እወስድዎታለሁ፤ የሆስፒታሉ ቀጠሮ ወረቀት ከእማዬ ሣጥን እንዳይጠፋ። የግፊት ኪኒንዎን ጠዋት ጠዋት ይውሰዱ። ቅቤ በአውቶቡስ እንዳትልክ ንገሯት፤ ያለፈው ፈስሶ የሰው ሻንጣ አበላሽቷል።

ያ ማስመሪያ ከሬዲዮው ጀርባ ካለ ያስቀምጡልኝ። ስመለስ ይዤው እሄዳለሁ፤ ለክፍሌ ካርድ ማስመሪያ ያስፈልገኛል።

ልጅዎ