ዘርዓ ያዕቆብን የማያውቀው ኮምፒውተር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፣
አዲስ አበባ

ክቡራን ኃላፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጣቴ በብርድ ደንዝዟልና የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ ይቅርታ። ነገሬም የፊደል ነው።

በቅርቡ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳለ አንድ የትምህርት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ስለ ከተማችን ቆርቋሪ ስለ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ላነብ ፈልጌ ነው። የድሮው የካርድ መሳቢያ ተነሥቶ በቦታው አዲስ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ደስ አለኝ። ስሙን ጻፍኩ። «ምንም አልተገኘም» አለኝ። ንጉሡን በገዛ አገሩ የሚያውቀው ጠፋ!

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሳቅ ብለው «በአልፋው አ ሞክረው እስቲ» አሉኝ። ሞከርኩ። ሁለት መጻሕፍት ወጡ። ሁለቱን ቃል አጋጥሜ ስጽፍ ደግሞ ሌላ አንድ። ጋሼ አራተኛውን ከመደርደሪያው ራሳቸው አወጡልኝ፤ በቃላቸው ያውቁታል። እሳቸው ፈቃድ ሲወጡ ቤተ መጻሕፍቱም አብሯቸው ፈቃድ ይወጣል ማለት ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁ። «ዓ» በአ፣ በኣ፣ በዐ እና በዓ ሊጻፍ ይችላል። «ዕ» በዕ ወይም በእ። 4 በ2 ሲባዛ 8 ነው። ሁለቱ ቃላት ተለያይተውም ተጋጥመውም ስለሚጻፉ 16 ሆነ። አንድ ንጉሥ፣ 16 አጻጻፍ። ለሰው ሁሉም ያው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 16 የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ይህ የታሪክ ተማሪ ጣጣ ብቻ አይደለም። የፍርድ ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ሕግ» እና «ህግ»፣ ሆስፒታል ውስጥ «ሕክምና» እና «ህክምና»፣ የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ «ፀረ ተባይ» እና «ጸረ ተባይ» አሉ። ተመራማሪው የፈለገውን ሲያጣ «የለም» ብሎ ይሄዳል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ አቧራ እየጠጣ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ኮሃን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒው ዚላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረ፣ በነፃ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በግቢው የውስጥ መረብ ይሠራል። (መብራት ሲጠፋስ? እሱ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ነው።) የፍለጋ ክፍሉም ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማስተካከል ይቻላል። የመጽሐፉ ርእስ እንደተጻፈ ይቆያል፤ የሚለወጠው ፍለጋው ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን አልተደረገም? እያንዳንዱ ተቋም ለብቻው ይህን ሊሠራ አይችልም፤ ቢሠራም እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ኮምፒውተር አይደለም። አንድ የጋራ የአማርኛ ደንብ አውጡ። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሁሉም ይሰራጭ። በዚያው የስማችንም ነገር ይታሰብበት፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ከውጭ ቤተ መጻሕፍት የሚቀዳው የመጻሕፍት መዝገብ ግን አንዳንዴ አባትን አስቀድሞ ልጁን ያስከትላል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ፤ በእኛ 2010 የታተመው ከፈረንጆቹ 2010 ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ በመካከላቸው ግን ሰባት ስምንት ዓመት አለ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል። ጥሩ። ግን ተፈልጎ ካልተገኘ ምኑን ክፍት ሆነ?

ደንቡ ወጥቶ የሚፈትሸው ባለሙያ ወደ እኛ ሲመጣ ከአንድ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጥና «ዘርአያእቆብ» ብሎ ይጻፍ። አራቱም መጻሕፍት ከወጡ ሻይ በእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ብርሃን አንባቢ