የመለኮቱ ኃይል ስለ ሰጠን ነገር ሁሉ፦ ለአባቴ

ውድ አባቴ፣

የእግዚአብሔር ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። እንዴት ሰነበቱ? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ጉልበትዎ ለመንበርከክ እምቢ እንዳለዎት፣ ዓይንዎም መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ቀድሞው ረዘም አድርጎ ለማንበብ እንዳልቻለ ነግረውኝ፣ «እንግዲህ እኔ ለጌታ ምን እጠቅመዋለሁ?» ብለው ነበር። ለዚህ ጥያቄ በስልክ ጥቂት ቃል ተናግሮ ማለፍ ስላልበቃኝ በጽሑፍ ልመልስልዎ ወደድሁ፤ መልሴም በአብዛኛው ምስጋና ነው።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ መጀመሪያ ላይ የመለኮቱ ኃይል «ለሕይወትና እግዚአብሔርን ለመምሰል የሚሆነውን ነገር ሁሉ» እንደ ሰጠን ይናገራል። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰኝ የጻፈው ሰው ማንነት ነው። ሌሎቹ ሁሉ ቢሰናከሉ እንኳ እርሱ እንደማይሰናከል በጌታው ፊት የተናገረው፣ በዚያችው ሌሊት በገረዶችና በአጠገቡ በቆሙ ሰዎች ፊት ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ ነው። በራሱ ጽናት የተመካው ኃይሉ ሳይደክም ነበር። ከዚህ ዓለም የሚለይበት ጊዜ መቅረቡን አውቆ ይህን መልእክት ሲጽፍ ግን ስለ ገዛ ጽናቱ አንዲት ቃል አላነሣም፤ የተቀደሰ ሕይወት የሚኖረው በተቀበለው ኃይል መሆኑን መሰከረ እንጂ። እግዚአብሔር ጥቂቱን ሰጥቶ የቀረውን በእኛ ጥረት እንድንሞላው አልተወንም፤ ራሱን እንድናውቅ አደረገን፤ የተስፋ ቃሉንም ሰጥቶ ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች እንድንሆን ጠራን።

አባቴ፣ እኔ ይህን እውነት ከስብከት በፊት የተማርሁት በቤታችን ነው። ባልሠሩት ጥፋት ስምዎን ያጠፋው ያ የሥራ ባልደረባዎ ከጊዜ በኋላ እርሱ ራሱ ተቸግሮ ወደ ቤታችን የመጣበትን ቀን አልረሳውም። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጥቂት ጠብቀኝ» ብለውት ወደ መኝታ ክፍል ገቡ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ነበር ድምፅዎ ይሰማኝ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ልወደው አልቻልሁም፤ አንተ በእኔ ሆነህ ውደደው።» ሲወጡ ቁጣው ከፊትዎ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ ቢሆንም አጠገቡ ተቀምጠው ችግሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ የሚችሉትንም ሁሉ አደረጉለት። ከዚያ በኋላ ሰዎች «አባታችሁ ሲፈጥረው ታጋሽ ነው» ሲሉ ስሰማ እንዲያ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎ በተፈጥሮዎ ቁጡ ሰው ነዎት። በዚያ ቀን ያየሁት ትዕግሥት ከሌላ የመጣ ነበር፤ ከማን እንደ መጣም ከበሩ በስተጀርባ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እርስዎን ሳመሰግን ምስጋናዬ ከእርስዎ አልፎ ወደ ሰጪው ይደርሳል፤ እርስዎም በዚህ ደስ እንደሚሰኙ አልጠራጠርም።

አንዳንዶች ኃይሉ ከእግዚአብሔር ከሆነ የእኛ ትጋት ምን ያደርጋል ይላሉ። ጴጥሮስ ግን ሁሉ እንደ ተሰጠን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ትጋትን ሁሉ እንድናሳይ ያዝዛል፤ ለትጋታችን ምክንያት የሚሆነውም ያው ስጦታው ነው። ጳውሎስም ከሌሎቹ ሐዋርያት ሁሉ ይልቅ እንደ ደከመ ከጻፈ በኋላ፣ የሠራው ከእርሱ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ ጨምሮ ይናገራል። ማለዳ ተነሥተው የሚጸልዩት፣ ክፉ ቃል ከአፍዎ ሊወጣ ሲል የሚገቱት፣ የበደሉትን ሰው ፈልገው ይቅርታ የሚጠይቁት ኃይሉን ለማግኘት ብለው አልነበረም፤ ተቀብለውት ስለ ነበር ነው እንጂ። ይህን ለይቼ ባላውቅ ኖሮ እምነት ለእኔ ከባድ ሸክም ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የጉልበትዎን መድከም አቅልዬ አላየውም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ተንበርክከው ያየሁዎት ሰው መንበርከክ ሲያቅትዎ ማዘንዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጴጥሮስ በእምነት ላይ እንድንጨምራቸው የሚዘረዝራቸውን ይመልከቱልኝ፦ በጎነት፣ እውቀት፣ ራስን መግዛት፣ መጽናት፣ እግዚአብሔርን መምሰል፣ የወንድማማች መዋደድ፣ ፍቅር። ከእነዚህ መካከል ብርቱ ጉልበት የሚጠይቅ የትኛው ነው? መጽናትማ ጤነኛ ከሆንነው ከእኛ ይልቅ ዛሬ በእርስዎ ዘንድ የሚታይ ይመስለኛል። ሌሊት ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣዎት የእያንዳንዳችንን ስም እየጠሩ እንደሚጸልዩ እናቴ ነግራኛለች። ጌታ ለጳውሎስ ኃይሉ በድካም እንደሚፈጸም የነገረው ሥጋውን የሚያሠቃየው፣ እንዲወሰድለትም የለመነው መውጊያ ሳይወሰድለት ነበር። ለጴጥሮስም በሸመገለ ጊዜ እጆቹን እንደሚዘረጋና ሌላ ሰው እንደሚያስታጥቀው አስቀድሞ ነገረው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደሚለውም በዚያ አሟሟት እግዚአብሔርን ያከብር ዘንድ ነበረው። በሌላ ሰው እጅ መደገፍ ለጌታ ከመጥቀም የሚያጎድል ቢሆን ኖሮ ጌታ ይህን የእግዚአብሔር ክብር ባላደረገው ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። ጴጥሮስ ከዚህ ዓለም ከተለየ በኋላም ወገኖቹ እነዚህን ነገሮች እንዲያስቡ ይተጋ እንደ ነበር ጽፏል። እርስዎም የእግዚአብሔር ኃይል በሕይወትዎ ያደረገውን፣ ከመጀመሪያው አንሥተው፣ የወደቁበትንም የተነሡበትንም ሳይተዉ ይንገሩን። ለመጻፍ ዓይንዎ ካስቸገረዎት በስልክ ድምፅዎን መቅዳት ይቻላል፤ ታናሽ ወንድሜ አጠገብዎ ተቀምጦ ይቀዳል፤ እኔም ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። የልጅ ልጆችዎ አያታቸውን «ሲፈጥረው ደግ ሰው ነበር» ብለው እንዲያስታውሱት አልፈልግም፤ ደግነቱ ከማን እንደ ነበር ከራስዎ አንደበት ይስሙ። ከወደዱ በዚያ የሥራ ባልደረባዎ ታሪክ ይጀምሩልን፤ በክፍሉ ውስጥ ከጸለዩት እኔ የሰማሁት ጥቂቱን ብቻ ነው።

አክባሪ ልጅዎ