የማኅበራችን መዋጮ ለምን ታሰረ? ለአነስተኛ የቱሪዝም ድጋፍ ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአነስተኛ የቱሪዝም ድጋፍና ስልጠና ፕሮግራሙ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ግን በመዝገብ ቤትዎ ያስገባነው ማመልከቻ፣ አባላቱ ሁሉ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ፣ በሽማግሌ የላክነው ቃል «በሂደት ላይ ነው» ከሚል መልስ በቀር ያመጣልን ነገር የለም። የእርስዎንም ሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠቅስም። የማን ገንዘብ በእጅዎ እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።

እኛ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምንኖር፣ ገብስና ድንች አምራች፣ በግ አርቢ ገበሬዎች ነን። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ነው ወደ ዓባይ የሚወርዱት። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳ የሚባለው ሣር፣ አስታና ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች አሁንም አሉ። በ2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራራ ኢኮ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ሲመርጠው ደስታው የጎረቤቶቹም ነበር። እኛ የዚያ መንደር ሰዎች አይደለንም፤ ተራራው ግን አንድ ነው። የእርስዎ ባለሙያዎች መጥተው «ማኅበር ተደራጁ፣ የእንግዳ ማረፊያ ሥሩ፣ አነስተኛ ድጋፍና ስልጠና አለ» ሲሉን ያመንነው ለዚህ ነው።

የፕሮግራሙን ደንብ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ማኅበሩ የሥራውን ወጪ አንድ አምስተኛ በጥሬ ገንዘብ ያዋጣል፤ ገንዘቡ በማኅበሩና በመሥሪያ ቤትዎ ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ከዚያ ድጋፉ ይለቀቃል። እኛ የበኩላችንን ፈጽመን የባንኩን ደረሰኝ አስረከብን። ድጋፉ ግን አልመጣም። መዋጯችንም ያለ እርስዎ ፊርማ አይወጣም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው፤ የእኛ የሚከፋው ግን በደጃችን የነበረችውን ሸጠን በሰማይ ያለችውን መጠበቃችን ነው።

ከአባላቱ አንዲት እናት አሉ። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ድርሻቸውን ለመክፈል ሁለት እናት በጎችና ራሳቸው ፈትለው ያሠሩትን አንድ ባና ሸጡ። የእንግዳ ዳቦ የሚጋግሩት እርሳቸው እንዲሆኑ ማኅበሩ ወስኖ ስለነበር ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል ብለው ነው። ልጃቸው ከተማ ቤት ተከራይታ 11ኛ ክፍል ትማር ነበር። መስከረም ሲጠባ የኪራዩም የስንቁም ገንዘብ አልነበረም። እናትየው ድርሻቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ማኅበሩም ተስማምቶ ወሰነ። ውሳኔውን ይዘን ወደ ባንኩ ስንሄድ «የሁለተኛው ወገን ፊርማ አምጡ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ወደ እርስዎ መጣን። እርስዎም ቆመው አነጋገሩን፤ «ድጋፉ ሊለቀቅ ሲል መዋጮ ማውጣት ፕሮጀክቱን ያሰርዘዋል» አሉ። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ደረሰኝ ፈትተው ዘረጉልዎት። አላነበቡትም። ልጅቱ ዛሬ ቤት ናት፤ እንጨት ትለቅማለች፣ በግ የሌለበትን ጉሮኖ ትጠርጋለች። ድጋፉም እስከ ዛሬ አልተለቀቀም።

ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ መናደዴንም አልደብቅም። ደኻ መሆናችንን እያወቀ ገንዘባችንን ወስዶ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት፣ የዘገየበትን ምክንያት እንኳ በጽሑፍ መስጠት አለመቻሉ ነው ያንገበገበኝ። ለልማት ማዋጣት አዲስ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ገበታ ለሀገር ሲታወጅ ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት አገር ሁሉ ተጠይቆ አዋጥቷል፤ ጎርጎራ ላይ የተሠራው ዛሬ በዓይን ይታያል። የእነዚያ እናት በጎች ዋጋ የት ነው የሚታየው?

የሚታየው የማረፊያው አጥንት ነው። ምሰሶው ቆሟል፣ ማገሩ ተማግሯል፣ ምርጊቱ ከወገብ በላይ ደርሶ ነበር። ለጣሪያው ያጨድነውን ጓሳ ክዳኑን የሚሠራው ባለሙያ ስላልተከፈለ መደብ ላይ ቆልለን አቆየነው። ክረምቱ ሲገባ ጓሳው ከሥር በሰበሰ። ምርጊቱ በዝናብ ታጥቦ ጭቃው ወርዶ ማገሩ ገጦ ወጣ። ያን ጭቃ ጭድ ከተው፣ በእግራቸው ረግጠው ያቦኩት የማኅበሩ ወጣቶች ናቸው፤ አንድም ሳንቲም አልተከፈላቸውም። አሁን «እንደገና እንሥራ» ብዬ የምጠራበት አፍ የለኝም።

ስልጠናውስ? ስልጠናው ተሰጥቷል። ከተማ ውስጥ፣ ሆቴል አዳራሽ፣ ከውሎ አበል ጋር። ለእንግዳ የሚያበስሉት እናቶች የ10ኛ ክፍል ማስረጃ የላቸውም ተብለው ቀሩ። በምትካቸው የተቀመጡት ከየጽሕፈት ቤቱ የመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነርሱ አንድም ሰው ለእንግዳ አልጋ አያነጥፍም፣ በቅሎም አይጭንም። እኛ የሚያስፈልገን ስልጠና ትንሽ ነው፤ ቦታውም እዚሁ መንደራችን ነው። የመጠጥ ውኃ እንዴት አፍልቶ እንደሚቀመጥ፣ ሽንት ቤት ከምንጭ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ ገቢው ተጽፎ እንዴት ለአባላት እንደሚከፋፈል ማወቅ እንፈልጋለን። ወጣቶቻችን ጅብራ ለብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚደርቅ ያውቃሉ። የቀራቸው ያንን ለእንግዳው በሚገባው ቋንቋ መናገር ነው። ይህን ለማስተማር የሆቴል አዳራሽ አያስፈልግም።

ገበሬ አይችለውም የሚል ካለ ወሎን ይመልከት። በመቄት ወረዳ፣ «ተስፋ» በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ፣ የገበሬ መንደሮች የራሳቸው በሆኑ ጎጆዎች፣ በእግርና በአህያ ከመንደር መንደር የሚጓዝ እንግዳ ማስተናገድ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏል። የማረፊያው ባለቤት መንደሩ ነው፤ የሚያበስለውም የመንደሩ ሰው ነው።

ባለሙያዎ ደግሞ «አሁን ቱሪስት የለም፣ ለምን ትቸኩላላችሁ?» ብሎኛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን በምን ውስጥ እንዳለ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም፤ መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ የኖርንበት ነው። እንግዳ መቀነሱ ግን ገንዘባችን የሚታሰርበት ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ሰው የሚሠለጥነውና ቤት የሚሠራው እንግዳ ሳይበዛ ነው። ደግሞም እንግዳ ማለት ፈረንጅ ብቻ አይደለም። ሰላም ባለ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ተማሪና መምህር መጥቶ ተራራውን ወጥቶ ይመለስ ነበር፤ የሚያድርበትና የሚበላበት ግን አልነበረም።

ክቡርነትዎ ሕግ ያውቃሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት አላቸው ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። በዚያ አዋጅ መሠረት ድጋፉ ለየትኞቹ ማኅበራት እንደተለቀቀ በጽሑፍ ጠይቀናል፤ ስልጠናውን እነማን እንደወሰዱም እንዲነገረን ጠይቀናል። መልስ የለም። ማኅበር በፍጥነት የመሠረቱ፣ አንድም ምሰሶ ያልተከሉ ሰዎች ገንዘብ አገኙ ሲባል እንሰማለን። ሐሜት ከሆነ ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ይለጥፉና ሐሜቱን ያጥፉልን።

የምንጠይቀው ይኼን ነው። ወይ ድጋፉን ይልቀቁ፣ ወይ ለባንኩ የሚሄደውን ደብዳቤ ፈርመው መዋጯችንን ይመልሱ። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አዲስ ኮሚቴ አያስፈልግም። የልጅቱ እናት ድርሻ ግን ምርጫ ውስጥ አይገባም፤ የቀረው ይዘገይ ቢባል እንኳ የእርሳቸው ድርሻ፣ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለውን ምዝገባ ከመጀመራቸው በፊት ይመለስ። ስልጠናው ወደ መንደር ይምጣ፤ የትምህርት ማስረጃም አይጠየቅበት።

የዚህ ደብዳቤ ቅጂ ከደረሰኙና ከቃለ ጉባኤው ጋር ለሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ይላካል። ቀድመው ከፈረሙ ግን አቤቱታውን እኔው ራሴ ሄጄ አሰርዛለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ከጮቄ ግርጌ፣ ጎጃም