አለቃ ለሆነችው ጓደኛዬ

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ተጠፋፋን አይደል? ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንተወው። የክፍል ኃላፊ መሆንሽን ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ! ትንሽም አዘንኩልሽ።

መቼም ሠራተኞቼ ምን ይፈልጋሉ እያልሽ መጨነቅሽ አይቀርም። ደመወዝ እንዳትይኝ። ሲያንስ ሰው ይለቃል፣ እሱ የታወቀ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ደመወዙ በአንቺ እጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ሠራተኞችና አለቆች ስለዚሁ ተጠይቀው ነበር። አለቆቹ ሠራተኛው አንደኛ የሚፈልገው ጥሩ ደመወዝ ነው ብለው ገመቱ። ሠራተኞቹ ደመወዝን አምስተኛ አደረጉት። አንደኛ ያሉት ለሠሩት ሥራ ምስጋና ማግኘትን ነው።

እኔ ብጠየቅ ከምስጋናም ግልጽ መልስን አስቀድማለሁ። አንድ አለቃ ነበረን፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈገግታው አይጠፋም። ሪፖርት ስትሰጪው «እሺ፣ አየዋለሁ» ይልሻል፤ በቃ። ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳታውቂ ወራት ይሄዳሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ምዘናው ላይ «ሪፖርት ላይ ድክመት አለ» ብሎ ቁጭ። እስከ ዛሬ የት ነበርክ ያሰኛል!

ከሱ በኋላ የመጣችው ኮስታራ ናት። መጀመሪያ ሁላችንም ፈርተናት ነበር። የሰጠኋትን ወረቀት ግን በማግስቱ ትመልሰዋለች። «ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ሰንጠረዥ አልገባኝም፣ አስተካክለው። ሌላው ይለፍ።» ይኸው ነው። ፈቃድ ስትጠይቂያትም የማይሆን ከሆነ እዚያው አይሆንም ትላለች፣ ምክንያቱን ነግራ። «እስኪ እናያለን» የሚባል ነገር አታውቅም። የበላዮቿ ሲቆጡ ደግሞ «ውሳኔው የኔ ነው» ትላለች እንጂ እኛን ከፊት አታሰልፍም። ለሷ ስል ባመሽ ቅር አይለኝም ነበር።

ስታመሰግኚም በጅምላ «ጎበዞች ናችሁ» አትበያቸው፤ አይሞቅም አይበርድም። ማን ምን እንደሠራ ለይተሽ ተናገሪ።

ሙያውን ከነሱ እኩል አላውቅም ብለሽም አትስጊ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ጥናት የጥሩ አለቃ ስምንት ባሕርያትን ሲለይ፣ የሙያ እውቀት የመጨረሻ ነው የወጣው። የመጀመሪያው ሠራተኛን መርዳትና ማብቃት ነው።

ያንቺስ የበላይ እንዴት ነው? ቁርጡን ይነግርሻል ወይስ ያንጠለጥልሻል? ጻፊልኝ፤ ካልሆነም ደውይ።

ያንቺው ወንድም