ኮርኒስ ላይ የሚያልቀው ደረጃ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ጅዳ ነው። ለዓመታት ያጠራቀመችውን ይዛ አዲስ አበባ ላይ ቤት ልትገዛ ስለተነሣች፣ በኢንተርኔት ለሽያጭ የሚወጡ ቤቶችን ፎቶ ማታ ማታ እየላከች ታማክረኛለች። እኔ በግንበኝነት ጀምሬ ኋላ ፎርማን ሆኜ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከፎቶዎቹ ውስጥ አንዳንዶቹ እሷ ዘንድ የደረሱት ለመግዣ ሳይሆን ለመሳቂያ ከስልክ ስልክ እየዞሩ ነው። እኔም ስቄባቸዋለሁ። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የታሰረ በግ «ሰፊ በረንዳ ያለው» ከሚል ጽሑፍ ጋር ሲመጣ የማይስቅ ሰው አላውቅም። ሆኖም እነዚህን ቤቶች የሠራነው እኛ ነን፤ ሰው የሚስቅበት እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተሠራ ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ባለፈው ወር የላከችልኝ ፎቶ ላይ 11 ደረጃዎች አሉ። ከሳሎኑ ጥግ ይነሣሉ፣ በሴራሚክ ተለብጠዋል፣ መደገፊያቸው ቡናማ ቀለም ተቀብቷል፤ ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ ያልቃሉ። በር የለም፣ ቀዳዳ የለም። ከታች ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ደረጃ ድረስ ጤና አዳምና በሶ ብላ የተተከለባቸው የዘይት ጣሳዎች ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ ይህ ደረጃ ወዴት ነው የሚያወጣው?» ብላ ጻፈችልኝ።

መልሱ ቤቱን ከውጭ በሚያሳየው ፎቶ ላይ ነበር። ከላይኛው ሶሌታ፣ ማለት ከኮንክሪቱ ጣሪያ፣ ላይ የየኮለኑ (የየምሰሶው) ፌሮ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ዝናብ እንዳያዝገው ጫፍ ጫፉ ላይ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍቶበታል። ባለቤቱ ጂ ፕላስ አንድ ሊሠራ አስቦ ምድሩን ጨርሶ ገባበት። ደረጃውን ኋላ ላይ መሥራት ቤት ማፍረስ ስለሚሆን አስቀድሞ ሠራው፤ የሶሌታውን ክፍት ደግሞ ብርድ እንዳይገባበት በቆርቆሮ ከድኖ ከሥሩ ኮርኒስ መታበት። ከሰው መካከል ቤቱን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ስንት አለ? እቁብ ሲወጣ ብሎኬት ይገዛል፤ ቡና የሸጠ ወንድም ከገጠር ገንዘብ ሲልክ ጣሪያ ይመታል፤ በር በሚቀጥለው ዓመት ይገጠማል። ያ ደረጃ ተራውን የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ሳሎኑ መሐል ወደ መኝታ ቤት የሚያሳይ፣ ፍርግርግ ብረት ያለው መስኮትም እንዲሁ ነው። ሌባ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በመስኮት እንዳይገባ ነው ወይ እያሉ ይሳለቁበታል። መስኮቱ በፊት የቤቱ የውጭ መስኮት ነበር። ልጅ ሲጨመር ፊት ለፊቱ አንድ ክፍል ተቀጠለ፣ የተቀጠለው ክፍል ሳሎን ሆነ፣ ብረቱን ለመንቀል ግድግዳውን መጉዳት ስለሚያስፈልግ ባለበት ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ግን ግድግዳ ላይ የሚከፈተውን በር ነው። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ብዙ አለ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ሰፊ ቤት ለሁለትና ለሦስት አባወራ እየተከፈለ ተሰጠ። በመካከል ያለው በር ተዘጋ፤ አንዱ ቁም ሳጥን ገተረበት፣ ሌላው በብሎኬት ሞላው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ እንዲህ ያለ በር አስወልቄ አውቃለሁ። በአንዱ ፊቱ አረንጓዴ፣ በሌላው ሰማያዊ ነበር፤ በሁለቱም በኩል መቀርቀሪያ ተመትቶበታል። ሁለት ቤተሰቦች አንድ በር ላይ እየቆለፉ፣ በጎረቤትነት ግን አብረው ቡና እየጠጡ የኖሩበት ቤት ነው። እንዲህ ያለውን በር የሚሸጥ ሰው ማፈር አይገባውም።

የእጅ መታጠቢያው ከመታጠቢያ ቤት ውጭ፣ ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ መሆኑ ውጭ አገር ላደጉ ልጆቻችን እንግዳ ነው። በእጅ ለሚበላ ሰው ምንም እንግዳ ነገር የለበትም።

ወደ በጉ ልመለስ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው ታስቦላቸዋል። እኔ በማውቃቸው ግቢዎች ግን ያ ቤት ለሌላ ሥራ ውሏል። ስለዚህ በጉ በረንዳ ላይ አደረ፤ በረንዳው በአሉሚኒየምና በመስታወት ታጠረና ምጣዱም እዚያው ገባ። እዚህ ላይ ሳቁን ትቼ እቆጣለሁ። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ያንን አይሸከምም፤ እንፋሎቱ መውጫ ካጣም ግድግዳው ይሻግታል፣ ልስኑ ይረግፋል። ገዢው ይህን ማየት ያለበት ከመክፈሉ በፊት ነው።

የሚታየው ግን የተቆረጠ ፎቶ ነው። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ለወንድሟ ውክልና ልካ ቤት ገዛች። በፎቶው ላይ ሳሎኑ እንደ አዳራሽ ሰፊ ነበር። ገብተን ስናየው ልክ መሐሉ ላይ ኮለን ቆሟል፤ ፎቶ አንሺው ጀርባውን ኮለኑ ላይ አስደግፎ ነበር ያነሣው። ይባስ ብሎ ለቴሌቪዥን ቦታ ተብሎ የኮለኑ አንድ ጎን ተፈልፍሎ ፌሮው ተገልጧል። የላይኛውን ሶሌታ የተሸከመ ኮለን ነው! ደላላው አላየሁም አለ። ልጅቷ እዚያ ሙቀት ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ ያመጣችው ገንዘብ ነበር።

ስለዚህ ሻጮችንና ደላሎችን የምለምነው ይህንን ነው። ክፍሉን ከአራቱም ማዕዘን አንሡት። ኮለኑ ይታይ፣ ምጣዱ ይታይ፣ ፍርግርጉ መስኮት ይታይ፤ ከሥሩም ለምን እንደተሠራ በአንድ መስመር ጻፉበት። እናንተም የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ይህንን ብትጠይቁ ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚገዛውን ወገን ትጠብቁታላችሁ።

የደረጃውን ቤት ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። ባለቤቷ እናት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። «ደረጃውን በ1998 ነው ያስለበጠው። የሳሎኑ ወለል ገና ሊሾ ሳለ ደረጃውን ሴራሚክ አለበሰው» አሉኝ። ላይኛው ፎቅ ለሦስቱ ልጆች ነበር የታሰበው፤ ሦስቱም አሁን ውጭ ናቸው። ጣሳዎቹን ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው፤ ከስድስተኛው በላይ ጉልበታቸው አያወጣቸውም።

«እማማ፣ ማስታወቂያው ላይ ይህንን ለምን አታስጽፉም?» አልኋቸው። «ማን ያነበዋል ልጄ?» ብለው ከአልጋቸው ሥር የተጠቀለለ ፕላን አወጡልኝ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ፎቶ አንሥቼ ጅዳ ላክሁት። የእህቴ ልጅ ወዲያው መለሰች፦ «ጋሼ፣ ፌሮው አሁንም ይሠራል?»

ቅዳሜ መሰላልና የብረት ብሩሽ ይዤ ወጥቼ አየዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ