የእጥበት ማሽኑ ተቆጥሯል፤ ውሃውስ ተመርምሯል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ኩላሊት እጥበት የሚወጡ ዜናዎች ዘወትር የሚያተኩሩት በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ ስንት ማሽን ገባ፣ አንድ ጊዜ ለመታጠብስ ስንት ብር ይከፈላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከደዶ ወይም ከሰቃ ወደ ጅማ የሚመጣ ታካሚ አገልግሎቱን እዚሁ ካላገኘ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ቤት መከራየት ግድ ስለሚሆንበት፣ የአንድ ማሽን መጨመር ለእኛ ትንሽ ዜና አይደለም። ይሁን እንጂ ማሽኑ የሚያጥበው በውሃ ነው፤ ስለዚያ ውሃ ግን በአደባባይ ሲነገር አልሰማም። በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ለረጅም ጊዜ ያገለገልኩና አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ የጅማ ነዋሪ፣ በተጨማሪም ታናሽ እህቴን ለእጥበት የማመላልስ አስታማሚ በመሆኔ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰማኝን በጋዜጣችሁ በኩል ለማቅረብ እወዳለሁ።

በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት፣ የእጥበቱ ፈሳሽ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር የሚፈስ ከሆነ፣ 120 ሊትር ፈሳሽ ከታካሚው ደም ጎን ለጎን ያልፋል። ጤነኛ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ቢጠጣ ይህን ያህል ውሃ ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጅበታል። በዚያ ላይ የምንጠጣው ውሃ ወደ ደም የሚገባው በጨጓራ አሲድና በአንጀት ግድግዳ ተፈትሾ ሲሆን፣ የታካሚውን ደም ከዚያ 120 ሊትር የሚለየው ግን ዲያላይዘር በሚባለው የደም ማጣሪያ ውስጥ ያለ እጅግ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ካልተቀደደ በስተቀር ባክቴሪያውን ከነነፍሱ አያሳልፍም፤ ስብርባሪውን ግን ሊያሳልፍ ይችላል። ፕሴውዶሞናስ የሚባለው የውሃ ባክቴሪያና መሰሎቹ ሲሞቱ ከግድግዳቸው የሚለቀቀው ኢንዶቶክሲን የሚባለው መርዝ ደም ውስጥ ሲደርስ ታካሚው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። መጠኑ አነስተኛ ሆኖ ለወራት ከቀጠለ ደግሞ መንቀጥቀጡ ሳይታይ ሰውነት ውስጥ ለውስጥ ሲቆጣ ይከርማል፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው ውድ መርፌም የሚጠበቅበትን ያህል መሥራት ያቅተዋል። ቤታችን የለመድነው መላ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ኢንዶቶክሲኑን አያጠፋውም።

የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን ስላለበት አያሰጋም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ክሎሪን ለጠጪ መከላከያ ቢሆንም በእጥበት ፈሳሽ በኩል ደም ውስጥ ከገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ ስለሆነም ውሃው ወደ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት በከሰል ማጣሪያ ውስጥ አልፎ ክሎሪኑ ከሊትር 0.1 ሚሊ ግራም በታች እስኪሆን ድረስ መወገድ አለበት። ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ውሃው ጠባቂ የለውም። ቀጥሎ ያለው አርኦ የሚባለው ማጣሪያ ጨዎችንም ባክቴሪያንም በብዛት ያስቀራል፤ ያለፈው ጥቂት ግን በማጠራቀሚያው ታንከርና ወደ ማሽኖቹ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ የሚቃወመው ሳይኖር ይራባል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ምግብ በሌለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ መኖርን የለመዱ ናቸው፤ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚያሟልጭ ልባስ ሠርተው ከተቀመጡ በኋላ በጥቂት ኬሚካል በቀላሉ የሚነቀሉ አይደሉም።

ለዚህ ነው ውሃው መቆም የለበትም የሚባለው። ቱቦው መነሻውና መድረሻው የተገናኘ ቀለበት ሆኖ ውሃው ያለማቋረጥ እንዲዘዋወር፣ መጨረሻው የተደፈነ ቅጥያ እንዳይኖረው፣ በየጊዜውም በሙቀት ወይም በኬሚካል እንዲጸዳ ይጠበቃል። በእኛ አገር መብራት ይጠፋል፤ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ እሑድ ማዕከሉ ከተዘጋ ቅዳሜ ማታ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ እስከ ሰኞ ጠዋት እዚያው ይከርማል። ለእጥበቱ ፈሳሽ ማዘጋጃ የሚገባው የቢካርቦኔት ጉዳይም አለ። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በጀሪካን የሚዘጋጅ ከሆነ፣ የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ ወይም መደፋት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ቢካርቦኔት ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። ከሥሩ የተረፈ ፈሳሽ ያለበትን ጀሪካን ሳያጥቡ እንደገና መሙላት ጥሩ እርሾ ላይ ሊጥ እንደ መጨመር ይቆጠራል።

ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ማዕከል፣ ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ፈረቃ ያየሁትን ልግለጽ። እጥበቱ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሆነ እህቴ ብርድ ብርድ አላት፤ ጋቢ ደረብንላት። ወዲያው ከጎማ የሚመጡ አንድ አዛውንት ጥርሳቸው ይገጭ ጀመር፤ ከዚያም ከበሩ አጠገብ የተኛው ወጣት። ነርሷ ቅን ሰው ነችና ፈጥና ደርሳ መድኃኒት ሰጠች፣ ግፊታቸውንም ለካች፤ ወባ ሊሆን ይችላል ተብሎም ከሦስቱም ደም ተወሰደ። ጅማና ዙሪያዋ ለወባ እንግዳ ስላልሆኑ ጥርጣሬው የሚያስወቅስ አልነበረም። በማይክሮስኮፕ የታየ ወባ ግን አልነበረም፤ ሦስቱም እጥበቱ ካበቃ በኋላ ተሻላቸው። ሦስት ሰው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቱቦ እየታጠበ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ውሃው ነው። ውሃው ለመጨረሻ ጊዜ ካልቸር የተደረገው፣ ማለትም ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ ለማየት ተዘርቶ የተመረመረው፣ መቼ እንደሆነ ብጠይቅ፣ «ማሽኑ ራሱ ይቆጣጠራል፣ ንባቡ ጥሩ ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። ንባቡ እውነትም ጥሩ ነበር። ነገር ግን የአርኦው መቆጣጠሪያ የሚያሳየው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን፣ ማለትም በውስጡ የቀረውን የጨው መጠን ነው። ባክቴሪያ ጨው አይደለም፤ በዚያ ቁጥር ላይ ጨርሶ አይታይም።

ምርመራውም ቢሆን በማንኛውም መንገድ ከተሠራ ይበቃል ማለት አይቻልም፤ በሙያዬ ምክንያት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በሆስፒታል ላቦራቶሪዎች የተለመደው፣ ለታካሚ ደምና ሽንት የምንጠቀምበት ብለድ አጋር የሚባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ የበዛበት ነው፤ 37 ዲግሪ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ተቀምጦ ይነበባል። የውሃ ባክቴሪያዎች በርሃብና በቅዝቃዜ የኖሩ በመሆናቸው በዚህ መንገድ ብዙዎቹ አይበቅሉም። ስለዚህ «ምንም አልበቀለም» የሚል ውጤት ይወጣል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም ተረጋግቶ ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አር ቱ ኤ የሚባለው ምግቡ የሳሳ አጋር ነው፤ ከ17 እስከ 23 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለሰባት ቀን ይቆያል። ናሙናው ወዲያው ካልተዘራ በቅዝቃዜ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ መዘራት አለበት፤ የሚቀዳውም ከአርኦው መውጫ ብቻ ሳይሆን ከቱቦው መጨረሻና ከማሽኖቹ መግቢያ ጭምር ነው። የኢንዶቶክሲኑ ምርመራ ለብቻው የሚሠራ ነው። አይሶ 23500 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በአንድ ሚሊ ሊትር የእጥበት ውሃ ውስጥ የባክቴሪያው ቁጥር ከ100 ኮሎኒ (በአጋሩ ላይ በቅሎ የሚቆጠር የባክቴሪያ ክምችት)፣ ኢንዶቶክሲኑም ከ0.25 ዩኒት በታች መሆን አለበት፤ ቁጥሩ 50 ሲደርስ፣ ወሰኑ እስኪታለፍ ሳይጠበቅ፣ ቱቦውን ማጽዳት ይገባል።

ነገሩን አጋነነ የሚለኝ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩአሩ ከተማ የደረሰውን እንዲያስታውስ እጠይቃለሁ። በዚያ ማዕከል ሲታጠቡ ከነበሩት 131 ታካሚዎች 116ቱ የማየት ችግር፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ አጋጠማቸው፤ 100ዎቹ ጉበታቸው ሥራ አቆመ፤ 52ቱ በዚሁ ምክንያት መሞታቸው ተረጋገጠ። መንስኤው ከውሃ ማጠራቀሚያ በቦቴ ተጭኖ በመጣና በአግባቡ ባልተጣራ ውሃ ውስጥ የነበረ፣ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት አረንጓዴ ባክቴሪያዎች ያመነጩት መርዝ ነበር። ቧንቧው ሲደርቅ ቦቴ መጥራት ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፤ በክረምት የሚደፈርሰውን ውሃም ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን ገንዘብ አጥሮት በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባው ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠብ ብዙ ሰው አለ። ያችኑ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሊታጠብ ይገባዋል።

የምጠይቀው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይመስለኝም። በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የእጥበት ማዕከል የመንግሥትም ይሁን የግል በየወሩ የባክቴሪያና የኢንዶቶክሲን ምርመራ እንዲያስደርግ፣ ውጤቱንም ከነቀኑና ከነምርመራው ዘዴ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፎ ታካሚዎች በሚጠብቁበት ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ ተቆጣጣሪው አካል ቢያስገድድ። ዋጋውን ለጥፎ ውጤቱን የማይለጥፍበት ምክንያት አይታየኝም። ናሙናውን አዲስ አበባ መላክ አያስፈልግም፤ ካልቸሩ የሚፈልገው አጋርና ሙቀቱ የተስተካከለ ሣጥን ነው፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማይክሮባዮሎጂ የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ባለሙያዎች አሉን። ማዕከላቱ ወጪውን ተጋርተው አንድ ላቦራቶሪ ቢያሠሩ ለየብቻቸው ከሚደክሙ ይቀልላቸዋል። የኢንዶቶክሲኑ መመርመሪያ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በየጊዜው ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ በዓመቱ የግዥ ዕቅድ ውስጥ ከዲያላይዘሩና ከመርፌው ጋር አብሮ ይያዝ። ታካሚ በእጥበት ላይ ሳለ ሲንቀጠቀጥም ከወባው ምርመራ ጎን ለጎን የደም ካልቸርና የውሃ ናሙና በዚያው ሰዓት እንዲወሰድ፣ ሰዓቱም ቀኑም በመዝገብ እንዲሰፍር መመሪያ ይውጣ፤ በማግስቱ ቱቦው ከታጠበ በኋላ የተቀዳ ናሙና የሚነግረን ነገር አይኖርምና።

ጋዜጣችሁም በሚቀጥለው ጊዜ የእጥበት ማዕከል ሲመረቅ ዘጋቢ ከላከ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የውሃ ክፍሉን በር አስከፍቶ የመጨረሻው ካልቸር በየትኛው ቀን፣ በምን ዓይነት አጋር ላይ እንደተሠራ ጠይቆ መልሱን ከማሽኖቹ ቁጥር አጠገብ ቢያትምልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
ጡረታ የወጣ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
ሂርማታ፣ ጅማ