ሸራው ለምን እንደሚያብጥ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ገና አላባራም፤ ጋራዡ በር ላይ ያለው ጭቃ ጎማ ይውጣል።

ባለፈው በስልክ «አባ፣ መካኒካል ልመርጥ ነው፤ የውድድር መኪና ዲዛይን ማድረግ ነው የምፈልገው» ስትይኝ ዝም ማለቴ ቅር እንዳሰኘሽ እናትሽ ነገረችኝ። የኔ እናት፣ ንቄው አይደለም። የምለው ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለዚህ ሥራ ሳነብ ሰነበትኩ።

ትዝ ይልሻል? ስምንት ዓመትሽ ነበር። ከአጋሮ ቡና ጭነን በአይሱዙው ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ፣ ጋቢና ተቀምጠሽ ስፖኪዮውን ታዪ ነበር። «አባ፣ ስንቆም ሸራው ይተኛል፤ ስንሮጥ ለምን ያብጣል?» አልሽኝ። «ነፋስ ገብቶበት ነው» ብዬ አሳለፍኩሽ። እኔው ራሴ ነበርኩ በገመድ ጠፍሬ ያሰርኩት፤ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። መልሱን ያገኘሁት አሁን ነው። ከላዩ ፈጥኖ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ይቀንሳል። ከሸራው ሥር ያለው የረጋ አየር ደግሞ ሽቅብ ይገፋዋል።

የውድድር መኪና ይህንኑ ይገለብጠዋል። አየሩ ከወለሉ ሥር በጠባብ መንገድ እንዲፈጥን ያደርጉታል። የሥሩ ግፊት ሲቀንስ የላዩ አየር መኪናውን አስፋልቱ ላይ ይጫነዋል። ኩርባ ላይ ጎማው መሬቱን የሚነክሰው ለዚህ ነው። ኪሎ ሳይጨምሩ ጭነት! ኮሊን ቻፕማን ያቋቋመው ሎተስ የሚባለው ቡድን በፈረንጆቹ 1978 ፎርሙላ ዋን የሚባለውን ትልቁን የዓለም የመኪና ውድድር ዋንጫ የወሰደው በዚህ ዘዴ ነው።

በዚያው ዓመት ብራብሃም የሚባለው ቡድን ከኋላ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር መጠጠ። ስዊድን ላይ አሸነፈ፤ ከዚያች አንድ ውድድር በኋላ ግን መኪናው ከውድድር ወጣ። መኪናውን የነደፈው ጎርደን መሬይ የደርባን ልጅ ነው፣ የ1946 ተወላጅ። እዚያው ደቡብ አፍሪካ የራሱን መኪና ሠርቶ ተወዳድሮበታል፤ እንግሊዝ የሄደው በ1969 ነው። ይህን ሳነብ ከመኝታዬ ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂው። መኪናውን ብቻውን የሚሥል ሰው የለም። በአንድ ቡድን ውስጥ መቶዎች ይሠራሉ። አንዱ የፊት ክንፉን ብቻ ይዞ ዓመታት ይቆያል፤ ሌላው ካምቢዮውን። ኮምፒውተር ላይ ይፈትኑታል፣ ቀጥሎ ትንሽ ሞዴል ሠርተው ነፋስ በኃይል በሚነፍስበት ዋሻ ውስጥ ይፈትኑታል፣ ካልሆነ ይጥሉታል። ልፋትሽ ሲጣል እንዳትሰበሪ።

ክብደቱ ነው በጣም የደነቀኝ። በ2025 የፎርሙላ ዋን ደንብ መኪናው ከነነጂው ትንሹ ክብደቱ 800 ኪሎ ነበር። ስምንት ኩንታል! እኛ እዚህ ባሌስትራ ሲሰበር ብረት እንደርባለን። እነሱ ከአንዲት ቡሎን ላይ እንኳ ግራም ይቀንሳሉ፤ ያውም ሳትበጠስ። ስለዚህ ስለ ብረት ጥንካሬ የሚያስተምሩሽን ኮርስ ለማለፍ ብቻ አትማሪው፤ ያንቺ እንጀራ እሱ ነው።

ፎርሙላ ስቱደንት የሚባል የተማሪዎች ውድድርም አለ። ተማሪዎች ትንሽ መኪና ራሳቸው ነድፈው ይሠራሉ። ከዚያ ዳኞች ፊት ቆመው «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ሲባሉ ያስረዳሉ። ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚሞክሩ ልጆች ካሉ ፈልጊያቸው። ከሌሉም ሦስት አራት ሆናችሁ ጀምሩ። ለውድድሩ ወደ ውጭ የምትሄዱ ከሆነ የቪዛውንና የገንዘቡን ጊዜው ሲደርስ እንነጋገራለን።

ክረምት ስትመጪ ጓደኞችሽንም ይዘሻቸው ነይ። እናትሽ ቤቱ ይበቃናል ብላለች። የብየዳ ማሽኑ ተጠግኗል። እነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሞተር ሳይክል ሞተር እንደሚጠቀሙ ሳነብ፣ ከጓሮ ወድቆ የነበረውን አሮጌ ሞተር አስገባሁት። ፒስተኑ አልተበላም፤ ፈትቼ አይቼዋለሁ። በዚያ በአይሱዙው ሸራ ሸፍኜ ጥግ አስቀምጬልሻለሁ።

አባትሽ
ጅማ